በሁለት ቁልፍ መሃል የምትኖር ድምፅ

በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ወፍጮው ቆመ።

ከሱቃችን ጋር ግድግዳ የሚጋራው የገደፋው ወፍጮ በሥራ ቀን ከምሳ ሰዓት በቀር አይቆምም። ለማርያም፣ ለሚካኤልና ለባለወልድ ያርፋል፤ መብራት ሲሄድም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ያርፋል። በተረፈ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጠዋት ተነስቶ እስኪመሽ የሚያጓራ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ስለዚህ ድምፁ ድንገት ሲጠፋ «መብራት ሄደ» ብዬ ቀና አልኩ። ኮምፒውተሬ በርቷል።

ወጥቼ አየሁ። ከገጠር የመጡ አህዮች ጭነታቸው ሳይራገፍ ቆመዋል። ባለእህሎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም አያጉረመርምም። ገደፋው በሩ ላይ ቆሞ ክንዱ ላይ ያለውን ዱቄት በቀስታ ያራግፋል።

«ከፈረስ ቤት ተደውሎልኝ ነበር፣ ትርንጎ» አለኝ። «አያ አለልኝ አርፈዋል።»

እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አይሆንልኝም። «እሺ» ብዬ ተመልሼ ገባሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዝምታው ግድግዳውን አልፎ ተከተለኝ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። በሥራ ቀን፣ መብራት እያለ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወፍጮው ሲቆም የሰማሁት ያን ዕለትና ከዓመታት በፊት አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያኔም በአያ አለልኝ ምክንያት ነበር።

አያ አለልኝን ያወቅኋቸው አሥረኛ ጨርሼ፣ ውጤቴ ለመሰናዶ ሳይበቃ ቀርቶ፣ አጎቴ ኮምፒውተር ቤት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ለገጠር ጎረምሳ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ እሳቸው ኦርጋናቸውን፣ ስፒከራቸውንና የተጠቀለለ ገመዳቸውን ይዘው ተከራይተዋል። ከቡሬ እስከ ሽንዲ፣ ከሽንዲ እስከ ፈረስ ቤት፣ ሠርግ ካለ እሳቸው አሉ። ቀበሌው የልማት ስብሰባ ሲጠራም ስፒከራቸውን በትሕትና ይዋሳል፤ ከዚያ ሳይመልስ ይከርማል።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ ኮታቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደርጋሉ። በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ድጓ ተምረዋል፤ ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ «እኔ የት ተውኩት፣ እሱ ነው እንጂ ደክሞት መንገድ ላይ የቀረ» ይላሉ። ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ይሰጡታል እንጂ ፊቱን አያዩም። ይሄ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን «አያ አለልኝ፣ እያዩኝ ያናግሩኝ እንጂ» አልኳቸው።

«ፊትሽን አይቼዋለሁ፤ ያው ነው» አሉኝ። «ድምፅሽ ግን ዛሬ ከትናንቱ ሌላ ነው። ምን ኹነሻል?»

ልክ ነበሩ። ያን ጠዋት ሁሉን ትቼ ባሕር ዳር ልሄድ ወስኜ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ እስኪመሽ ከመጋረጃው ወዲያ ቀስ ያለ ነገር ሲመቱ ዋሉና እኔም ሳልሄድ ቀረሁ።

ኦርጋኗን ከማብራታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ጎኗን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉና፣ ሰው ደጅ ደርሶ እንደሚጣራው፣ ቀስ ብለው «ቤቶች» ይላሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቅሁባቸው።

«ማን ሊከፍትልዎ ነው?»

«ድምፅ ባለቤት ነው፣ ትርንጎ። እንግዳው እኔ ነኝ። ሳይጣራ የሚገባ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኛ ቤት ሞልቷል።»

«እንግዲያስ የናንተ ቤት ዜማ አይወጣውም» አሉኝ፤ ሳይስቁ።

ይሄ ሁሉ ጨዋታ የሚቆመው ስለ እናታቸው ሲነሳ ነበር። እናና ዘርፌ ይባላሉ። ከፈረስ ቤት በላይ ባለው አገር ሠርግ ሲኖር ዘፈን የሚያወርዱ እናና ዘርፌ ናቸው፤ እሳቸው አውጥተው ካልጀመሩ ተቀባዩ አፉን አይከፍትም። አንድ ጊዜ፣ በታናሽ ወንድማቸው ሠርግ፣ እናና እየዘፈኑ አያ አለልኝ በኦርጋን ሊያጅቧቸው ገቡ። እናና መሃል ላይ አቆሙ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዞረው «አለልኝ፣ ሳጥንህ ይገፋኛል» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው በሚመቱበት ሠርግ ዘፍነው አያውቁም። አልተጣሉም። ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ እናት ትመርቃለች፣ እርጎ ትሰጣለች። ዘፈኑ ብቻ ነው የቀረው።

«እውነቷን ነው» ይሉኝ ነበር አያ አለልኝ። «እማ የምታወጣት አንዲት ድምፅ አለች። ነጩን ቁልፍ ስመታ አልፌያት እሄዳለሁ። ጥቁሩን ስመታ አልደርስባትም። በሁለቱ መሃል ነው የምትኖር። እዚያ ደግሞ ቁልፍ የለም።»

«እንግዲያው መሲንቆ ይያዙ። በመሲንቆ ጣትዎን ያሻዎት ቦታ ያሳርፋሉ።»

«መሲንቆማ የሌላ ሰው ዕጣ ነው። እኔን ያገኘችኝ ይቺ ናት» ብለው ኦርጋኗን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሏት።

እናና እያረጁ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር የልጅ ልጃቸው ልትዳር ቀን ተቆርጧል። አያ አለልኝ ስለምንም ቢያወሩ፣ ስለ ዝናብም ስለ ስኳር ወረፋም፣ ንግግራቸው ዞሮ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው። «ጉሮሮዋ ሳይዘጋ አንዴ አብሬያት ብሆን።»

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ባሕር ዳር ያለ የሙያ ጓደኛቸው ወሬ ላከላቸው። የኦርጋኗ ሠሪዎች አዲስ የውስጥ ፕሮግራም አውጥተዋል፤ ፈርምዌር ይሉታል። ኦርጋን ስትበራ ማን እንደሆነች፣ ምን ምን እንደምትችል የሚነግራት እሱ ነው። አዲሱ ከተጫነላት እያንዳንዷን ቁልፍ ለብቻዋ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል። አያ አለልኝ ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሽ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

ችግሩ ፕሮግራሙ የሚሠራው በድሮ ዊንዶውስ ነው። የኛ ኮምፒውተር አዲሱን ነው የጫነ፤ ስከፍተው «አላውቅህም» ብሎ መለሰው። አጥፍቼ የድሮውን እንዳልጭን የአጎቴ ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ስነካካ፣ ስጠይቅ፣ በዚያ በሚንቀረፈፍ ኢንተርኔት ስፈልግ ከርሜ ያገኘሁት ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን ነው። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ በፕሮግራም ሌላ ኮምፒውተር ይሠራል። ውስጠኛው የድሮውን ዊንዶውስ ይለብሳል። ራሱን ችሎ የቆመ ይመስለዋል፤ ሌላ ሆድ ውስጥ እንዳለ አያውቅም።

ይሄን ለአያ አለልኝ ስነግራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ።

«እልፍኝ በይዋ» አሉ። «ውጪኛው አዳራሽ ነው፣ ውስጠኛው እልፍኝ። እንግዳዋ ኦርጋኔ አዳራሹን አቋርጣ እልፍኝ መግባት አለባት። ቤተክርስቲያንም እኮ ብትዪ…» ብለው ጀመሩና «ይቅር ይበለኝ» ብለው ተዉት።

ውስጠኛው ኮምፒውተር መጀመሪያ የበራ ዕለት በመስኮቱ ላይ ያ የድሮው ዊንዶውስ ሥዕል መጣ፤ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ ጥቂት ደመና። አያ አለልኝ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ክረምት ሲወጣ፣ ገብሱ ገና ቢጫ ሳይሆን፣ ከፈረስ ቤት በላይ ያለው አገር ልክ እንደዚህ ነው አሉኝ። ጣታቸውን ኮረብታው ጫፍ ላይ አሳረፉ።

«የእማ ቤት ከዚህ ጀርባ ነው።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም። ያን ቀን ግን ከኮረብታው ጀርባ ጭስ ሲወጣ ለማየት ያህል አፍጥጬ ነበር።

ከዚያ ክፉውን ነገርኳቸው። «አያ አለልኝ፣ እየተጫነ መብራት ከወላወለ ኦርጋኗ ትሞታለች። ሁለተኛ አትነሳም። ያለችውንም ያጣሉ።» መብራት ሲሄድ ይዞ የሚያቆየን ባትሪ ሞቶ ከርሟል። የገደፋው ወፍጮ በተነሳ ቁጥር ደግሞ አምፖላችን ይፈዛል።

«ለማርያም ወፍጮው ያርፋል» አሉኝ።

ታኅሣሥ ማርያም ዕለት በጠዋት ገመድ ስንዘረጋ ገደፋው ቅዳሴ ደርሶ በበራችን አለፈ። ነጠላውን እንዳጣፋ ቆሞ አየን።

«እኔ ለማርያም ብዬ ወፍጮዬን አሳርፌ እናንተ ልትሠሩ?»

«እኔ አልሠራም» አሉት አያ አለልኝ። «ትርንጎም ቁጭ ነው የምትል። የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው፤ እሱም ቢሆን ራሱ አይሠራም፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ነው የሚያዝ። እመቤታችን ከነዚህ ማንን ትጠይቅ?»

ገደፋው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። «ድጓ ከተማረ ሰው ጋር ሙግት አልገጥምም» ብሎ ሄደ።

አያ አለልኝ ኦርጋኗን ሁለቴ አንኳኩ። «ቤቶች።» አዝራሮቿን ተጭኜ አበራኋት፤ ገመዱን ሰካሁ፤ ለውስጠኛው ኮምፒውተር አሳልፌ ሰጠኋት። እሱም አይቶ ተቀበላት። የድሮው ፕሮግራም ጠፋ፣ አዲሱ መግባት ጀመረ። መሃል ላይ ኦርጋኗ በገዛ እጇ ጠፍታ በገዛ እጇ በራች። ከዚያ ቆመ። ውስጠኛው «ኦርጋን የለችም፣ ጠፍታብኛለች» ይላል። ጽሑፍ የሚወጣበት የኦርጋኗ መስታወት ደግሞ «እየጠበቅሁ ነው፣ አታጥፉኝ» ይላል። እሷም እዚህ፣ እሱም እዚያ፣ አይተያዩም።

ቀኑን ሙሉ ታገልኩ። አልሆነም። አሮጌው ወጥቷል፣ አዲሱ አልገባም፤ ኦርጋኗ በመካከል ቀርታለች። አያ አለልኝ አንድም ቃል አልተቆጡኝም፤ ያ ባሰብኝ። ወደ ቤት ይሂዱ ብላቸው እምቢ ብለው እዚያው ወንበር ላይ አደሩ።

ማግስቱ ገበያ ነው። ጠዋት ስደርስ የወፍጮው ደጅ በአህያና በጆንያ ሞልቷል። አያ አለልኝ ገደፋው በር ላይ ቆመዋል።

«አያ አለልኝ፣ ምን ብዬ ላቁመው?» ይላል ገደፋው። «ይሄ ሁሉ ሰው ዶሮ ሳይጮህ ነው የተነሳ። ለእኔ ቢሆን እሺ። ለነሱ ንገሯቸው።»

ወደ ሰልፈኛው ዞሩ። ብዙ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። «ኦርጋኔ ታማብኛለች። ወፍጮው ከተነሳ ትሞታለች። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ለአንድ ሳጥን ብለን ሳንፈጭ እንግባ?» አለ።

ከፊት ያሉ አሮጊት ዞሩበት። «አንተ፣ የልጅህን ሠርግ ማን መታልህ?»

«እሳቸው።»

«ሲነጋ ያለቀው ሠርግ?»

«እሱማ፣ አዎን።»

«ታዲያ ተቀመጣ።» ከዚያ ወደ አያ አለልኝ፤ «ለመሆኑ ምኗን ነው ያመማት፣ ልጄ?»

«አንዲት ድምፅ አጥታ ነው፣ እናቴ።»

«እንዲያ ያለ ሕመምማ ወፍጮ ያስቆማል» አሉና ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ሌላውም አንድ በአንድ ተቀመጠ። ጎልማሳው አህያውን ጥላ ፈልጎ አሰረ።

የሥራ ቀን ዝምታ እንዴት ያለ እንደሆነ ያን ጠዋት ነው ያወቅሁ። ከተማው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስላል። የሰው ሳል ይሰማል፣ የአህያ ኮቴ ይሰማል። ገመዱን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ዕቃ ሲሰካበት የሚያሰማትን አጭር ደወል አሰማ።

«ይቺ የውጪኛው ናት» አሉ አያ አለልኝ።

«ምን?»

«ደወሏ። ትናንት መጀመሪያ ስትሰኪ የደወለው ውስጠኛው ነበር፤ እሱ ሻካራ ነው። ይቺ ለስላሳዋ የውጪኛው ናት። ኦርጋኔን አዳራሹ ይዟታል፣ እልፍኝ አላሳለፋትም።»

እኔ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ዕቃ ስሰካ ኖሬ ደወሎቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አላስተዋልኩም። የውጪኛውን ኮምፒውተር የዕቃ ዝርዝር ከፈትኩ። እውነትም እዚያ አለች፣ ግን በሌላ ስም። ኦርጋኗ መሃል ላይ ጠፍታ ስትበራ ስሟ ተለውጧል። እኔ ለውጪኛው «በዚህ ስም የምትመጣ እንግዳ ወደ ውስጥ ትለፍ» ብዬ ያዘዝኩት በመጀመሪያው ስሟ ብቻ ነው። በሁለተኛው ስትመጣ የራሱ እንግዳ መስላው አስቀራት።

ይሄን ስነግራቸው አያ አለልኝ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቁ። «ምስኪን። ትርንጎ፣ የቤት ስሟን ነግረሽው የክርስትና ስሟን ሳትነግሪው ነዋ። በመጠመቂያዋ ሰዓት በየትኛው ትጠራ?»

ሁለተኛውን ስም ጻፍኩ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ሻካራው ደወል ተሰማ። ውስጠኛው አገኛት። ያቺ ምን ያህል እንደተጫነ የምታሳይ አረንጓዴ መስመር ከቆመችበት ተነስታ፣ በዚያ ኮረብታ ሥዕል ፊት ለፊት፣ እንደ ጉም እየተንሳፈፈች ወደ ቀኝ ሄደች። ሞላች። የኦርጋኗ መስታወት ጠፍቶ በራ፤ አዲስ ጽሑፍ መጣ።

አያ አለልኝ ወደ ደጅ ወጥተው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ወፍጮው ተነሳ። አምፖላችን ፈዘዘና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የሳቸው ነበር። አንዲቷን ቁልፍ ከልባቸው ጋር እያስተያዩ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ፣ ደግሞ ዝቅ ያደርጓታል። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ለውጥ የለውም እኮ» አልኩ።

«አሁን አትስሚ» አሉኝ። «ወፍጮው ሲቆም ስሚ።»

ለምሳ ሲቆም ጠሩኝ። አንዴ የፊቷን መቱ፤ አንዴ የኋላዋን፤ ቀጥለው ያቺን። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ሰው ቤት ገብተሽ የምትቀመጪበት ሲጠፋሽ አንዱ ትንሽ ጠጋ እንደሚልልሽ ነበር።

ጥር ላይ ለእናና የልጅ ልጅ ሠርግ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ነገር ከተበላሸ ብለው። ከፈረስ ቤት ወዲያ ኦርጋኗ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ በበቅሎ ተጫነች። ጉም ነበር፤ ከፊት ያለው ሰው እየታየ ይጠፋል። አያ አለልኝ በጉሙ ውስጥ ከበቅሎዋ ጎን እጃቸውን ኦርጋኗ ላይ አድርገው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ እጃቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።

ጀነሬተሩን ከአጥሩ ውጪ፣ ከገብሱ ክምር ጀርባ አራቁት። ዳሱ ሞልቷል። እናና ዘርፌ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሽ ሴት፣ ከጋቢያቸው ፊታቸው ብቻ የወጣ። አያ አለልኝ ሁለቴ አንኳኩ። ሰላምታ እንኳ አልመቱም። ያቺን አንዲት ቁልፍ ብቻ ነክተው ያዟት።

እናና ቀና አሉ። ድምፁ አልቆ ዳሱ ዝም እስኪል ጠበቁ።

«ቤቷን ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ፣ እማ።»

እናና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ዘፈኑ። ጉሮሯቸው ደክሟል፤ ላይ ሲወጡ ይሰበራል። ግን በተሰበረበት ቦታ ኦርጋኗ አለች፤ ሳትገፋ፣ ሳትቀድም። ተቀባዩ ወዲያው አልገባም፤ እናትና ልጅን ለብቻቸው ተዋቸው። አያ አለልኝ ያን ጊዜ አንገታቸውን አላዘነበሉም። ፊት ለፊት እናታቸውን ያዩ ነበር።

አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ከዚያ እናና ተቀመጡና «በል ይበቃኛል፤ ለልጆቹ ያን የሚዘሉበትን ምታላቸው» አሉ።

በቀጣዩ ዓመት እናና አረፉ። አያ አለልኝ ሊያስቀብሩ ሄደው እዚያው ቀሩ። ኦርጋኗን ይዘው ነው የሄዱ። ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ወፍጮው ደኅና ነው?» ብለው ነው። ባሕር ዳር እንዳልሄድኩ ከድምፄ ያውቃሉ።

አያ አለልኝ ካረፉ በኋላ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ፀጉሩን ያንጨባረረ የቡሬ ልጅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ከዘመዶቻቸው ገዝቷታል። ብርድ ልብሱን አውቀዋለሁ።

«እህት፣ ሪሴት አርጊልኝ» አለኝ። «አሪፍ ናት፣ ግን አንዷ ቁልፍ ፎርሻለች። ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው። ሁሉንም እንደ ፋብሪካው መልሺልኝ።»

አያ አለልኝ ያስተካከሉትን ማጥፋቱ ቀላል ነው። ሁለት አዝራር ነው። ኦርጋኗም የሱ ናት።

«ወፍጮው እስኪቆም ቁጭ በል» አልኩት።

«ወፍጮው ምን አገባው?»

«ለምሳ ይቆማል። ያኔ ምታትና ስማት። ከዋሸችህ አጠፋልሃለሁ።»

እየተነጫነጨ ተቀመጠ። ወፍጮው እያቃሰተ፣ እየቀዘቀዘ ቆመ። ጎኗን ሁለቴ አንኳኳሁ። «ቤቶች» አልኩ። ልጁ እንደ እብድ አየኝ። ከዚያ ቁልፏን ነካ።

ግራና ቀኟን ሞከረ፤ ወደ እሷ ተመለሰ። እንደገና ነካት፤ አሁን ቀስ ብሎ። ሪሴት የሚለውን ቃል ሁለተኛ አላነሳም። እኔም አልጠየቅሁትም።

የምሳ ሰዓት አለፈ። ደጅ ላይ አህያ ያናፋል፤ አንድ ሰው «ኧረ ገደፋው፣ ፀሐይ ዞረች» ይላል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል፤ ከወዲያ የገደፋው እጅ ማብሪያው ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ ያቺኑ ቁልፍ ይነካል። ወፍጮው አልተነሳም።